«ቀለም ቀቡልኝ» ላለ ደንበኛ

«ጋሼ፣ በየቀኑ ሐሳቡን የሚቀያይር ደንበኛ በምን ይታሰራል?» አለችኝ አንዲት ወጣት መሐንዲስ። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ሳሎን አስታወሰኝ።

ባለቤቱ ያሉት አጭር ነበር፦ «ግድግዳው ተላጠ፣ ቀለም ቀቡልኝ።» ተፋቀ፣ ስቱኮ ገባበት፣ ሁለት እጅ ተቀባ። በክረምቱ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ነጭ ጨው አውጥቶ እንደገና ተላጠ። በዘይት ቀለም ተደገመ፤ ያም አረፋ ይዞ ተነሣ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፣ እኔም ጭምር። መልሱ የመጣው ቡና ከሚያፈሉት እናት ነው፦ «ሰፈሩ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ነዋ!» መንገዱ ከፍ ሲል ደጁ ከቤቱ ወለል በልጦ፣ የዝናቡ ውሃ ግድግዳው ሥር ይተኛል። ሰውየው ቀለም ይበሉ እንጂ የፈለጉት ደረቅ ግድግዳ ነበር።

መፍትሔው ሌላ ሥራ ነው፦ ደጁን ከወለሉ 15 ሳንቲም ያህል ዝቅ አድርጎ ውሃውን በቦይ መውሰድ፤ ልስኑን ከእርጥበቱ መስመር 50 ሳንቲም ከፍ ብሎ ማራገፍ፤ ግድግዳው በጋውን ሲደርቅ መለሰንና ቢያንስ 4 ሳምንት ሳይቀቡ መተው።

ከመሬት የሚወጣ እርጥበት ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ከቆርቆሮ ወይም ከአሸንዳ የመጣው ከላይ ይወርዳል። ቧንቧ ከጠረጠራችሁ ማታ ሁሉን ዘግታችሁ ቆጣሪውን አንብቡ፤ ጠዋት ከጨመረ ያፈሳል። ሮቶ ካለ መግቢያው ይዘጋ፣ አለዚያ ሲሞላ ያሳስታችኋል። ከሮቶው ወዲህ ያለው ፍሳሽ የሚታወቀው በሮቶው ውሃ መጉደል ነው።

የዛሬ ልጆች ግን ሜትር ሳይዘረጉ በስልክ የተሠራ ሥዕል ያሳያሉ። ደንበኛው ሥዕሉን ይወዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እርጥበት ማን ይሰማችኋል?

ወደ ማሰሩ ስመለስ፣ ሐሳቡን የሚቀይረው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ውይይት ያልተገኘው የቤቱ ሰው ነው፤ ሚስት፣ እናት፣ አንዳንዴም ተከራይ። እነሱም ይጠየቁ። ለውጥ ሲመጣ ሥራው፣ ብሩና የሚጨምረው ቀን በአንድ ወረቀት ይስፈር፤ ሳይፈረም መዶሻ አይነሣ። ልስን ሲራገፍ ለሚገኘው ጉድ ከዋጋው ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ እንደሚያስፈልግም ከጅምሩ ንገሯቸው።

ይህን ብዬ ደግሞ፣ ግድግዳ ተከፍቶ ልባሱ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቢገኝ ፊርማ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ፣ ሽቦው ይቀየር፤ ወረቀቱ ከሰዓት ይደርሳል።