ከ0 እስከ 5፦ ያቺ 156 ከየት መጣች?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «በ0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 5 አኃዝ ሳይደጋገም ስንት ባለ4 አኃዝ ተጋማሽ ቁጥር ይሠራል? ቢደጋገምስ?» ነው። አንቺ ለመጀመሪያው 180 አገኘሽ፣ የመልስ ወረቀቱ 156 ይላል። ወረቀቱ ልክ ነው። 180 እንዴት እንደመጣ ግን ይገባኛል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እዚያው ጋ ነው የወደቅኩት። 6 × 5 × 4 × 3 = 360፣ ግማሹ ተጋማሽ ነው፣ በቃ 180። አይደል?

የእህቴን ልጅ ሳስጠና ፎርሙላውን ትቼ ስድስት የለስላሳ ቆርኪ ለቀምኩ። በየጀርባቸው ቁጥር ጻፍን። ወረቀት ላይ አራት ቤት አሰመርን፦ የሺ፣ የመቶ፣ የአሥር፣ የአንድ። ልጁ ከሺ ቤት ጀምሮ መደርደር ያዘ። የመጨረሻው ቤት ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ «እዚህ ስንት ምርጫ ነው ያለኝ?» አለኝ። አንድ መልስ የለውማ! 2፣ 0፣ 4 ብሎ ከደረደረ ምንም አይቀረውም። 1፣ 3፣ 5 ካለ ግን ሦስት ምርጫ አለው። ከግራ መጀመር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ገደብ ካለበት ቤት ጀምሪ።

እዚህ ገደብ ያለባቸው ቤቶች ሁለት ናቸው። የአንድ ቤት 0፣ 2 ወይም 4 ይፈልጋል። የሺ ቤት ደግሞ 0ን አይቀበልም፤ 0123 ብትዪ ያው 123 ነው። ሁለቱን ቤቶች የምታነካካው ዜሮ ናት። (የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ አባቶቻችን ከዚህ ጣጣ ተገላግለዋል።) ስለዚህ ለብቻዋ እናውጣት።

ዜሮ የአንድ ቤት ላይ ስትቀመጥ ለሌሎቹ ቤቶች 5 × 4 × 3 = 60 ነው። 2 ወይም 4 ሲቀመጥስ? ለአንድ ቤት 2 ምርጫ አለ። ለሺ ቤት ከቀሩት አምስቱ ዜሮን ስትቀንሺ 4። ከዚያ ዜሮ ተመልሳ ትገባለች፣ ለመቶ ቤት 4፣ ለአሥር ቤት 3። 2 × 4 × 4 × 3 = 96። 60 ላይ ስትደምሪው 156።

«ግማሹ ተጋማሽ ነው» የሚለውም አይሠራም። ተጋማሽ ሆነ አልሆነ ሳንል ጠቅላላው 5 × 5 × 4 × 3 = 300 ነው፤ 156ቱ ተጋማሽ፣ 144ቱ ኢተጋማሽ። ተጋማሾቹ የበለጡት ዜሮ ከኋላ ከተቀመጠች ፊት ላይ ማንንም ስለማትከለክል ነው።

ሲደጋገም ቀላል ነው። ቆርኪውን ታነሺያለሽ፣ ቁጥሩን ትጽፊያለሽ፣ ቆርኪውን ትመልሺያለሽ። ለሺ ቤት 5፣ ለመሃሎቹ 6 እና 6፣ ለአንድ ቤት 3፦ 5 × 6 × 6 × 3 = 540። የፊተኛው ምርጫ የኋለኛውን ስለማይነካ እዚህ ጋ እውነትም የ1080 ግማሽ ነው።

ደግሞ 180 ዝም ብላ የመጣች ቁጥር አይደለችም። ጥያቄው ስለ ኤቲኤም ሚስጥር ቁጥር ቢሆን ኖሮ 0132 አራት አኃዝ ተብሎ ይቆጠራል፣ ዜሮም ከፊት ትቀመጣለች። ያኔ ልክ የምትሆኚው አንቺ ነበርሽ።