አሮጌ ጀነሬተር ወደ ቁራሌ ከመሄዱ በፊት

ልጆቼ፣ በግቢ ጥግ ሣር የዋጠው ጀነሬተር አይታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ይመጣና «ይሄማ አብቅቶለታል» ይላል። በማግስቱ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። ዕድሜዬን ከናፍጣ ሞተር ጋር ነው የገፋሁት፤ የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው። ማንነቱን ሳታውቁ አትፍረዱበት፣ አትንኩትም። ስንት ደህና ሞተር የሚያውቀው ሰው አጥቶ ቀልጧል! ያሳዝነኛል።

ከሰሌዳው ጀምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሰሌዳው ሁለት ነው። ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ቮልትና ኸርዝ የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ማመንጫው ነው። የሞተሩ ሰሌዳ ሌላ ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ጎን ላይ ወይም የቫልቭ ክዳኑ ላይ ይገኛል። ቀለም ተቀብቶበት ከሆነ በቀለም ማስለቀቂያና በለስላሳ ብሩሽ አጽዱት፤ ሞላ (ግራይንደር) አታስጠጉበት። ሰሌዳው ከጠፋ ብሎኩ ላይ የተቀረጸ ቁጥር ፈልጉ። ነጭ ጠመኔ እሹበትና በጨርቅ ጠረግ አድርጉት፤ ጠመኔው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩ ይነበባል። ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰውን፣ ጎላ ብሎ የወጣውን ቁጥር ግን ከመለያ ቁጥር ጋር አታምታቱ፤ እሱ የብሎኩ የራሱ ቁጥር ነው።

የዙሩ ፍጥነትም ብዙ ይናገራል። 50 ኸርዝ የሚሰጥ ባለ 4 ፖል (የማግኔት ዋልታ) ማመንጫ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ባለ 6 ፖሉ ደግሞ 1000። በደቂቃ 650 ዙር የሚል፣ ትልልቅ ፍላይዊል (ከባድ የብረት መንኮራኩር) ያለውና ማመንጫውን በቺንጊያ የሚያዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ካገኛችሁ የእንግሊዙ ሊስተር 6/1 ሊሆን ይችላል፤ ስድስት የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ሲሊንደር ማለት ነው። ህንድ ውስጥ ተመሳስለው የተሠሩም ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ በቅርጹ ብቻ አትማሉ። ስሙ በትክክል ከታወቀ ማኑዋሉም መለዋወጫውም ይፈለጋል።

አሁን ወደ ሞተሩ። ባትሪ አምጥታችሁ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) እንዳትነኩ! መጀመሪያ የዘይት መውጫውን ቡሎን ቀስ ብላችሁ አላሉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከሥር ይተኛል፤ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ከዚያ ኢንጀክተሮቹን (ናፍጣ የሚረጩትን) ፍቱና በየሲሊንደሩ ናፍጣና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ቀላቅላችሁ ጨምሩ። ቀናት ይቀመጥ። ቀጥሎ የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ቡሎን በረጅም ቁልፍ ይዛችሁ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ሞክሩ። የቫልቭ ክዳኑን ከፍታችሁ እያያችሁ ይሁን፤ የተጣበቀ ቫልቭ ካለ የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል። እንቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ፣ ቀን ጨምሩለት።

በጣም የምፈራላችሁ የናፍጣ ፖምፓውን ነው። ውስጡ የናፍጣውን መጠን የሚወስን ጥርስ ያለው ዘንግ አለ። የጎን ክዳን ባለው ፖምፓ ላይ ክፈቱና በጣት ገፋ አድርጉት፤ ያለ ችግር ወዲያ ወዲህ መንሸራተት አለበት። ብዙ ናፍጣ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ደርቆ ከቀረ ሞተሩ እንደተነሳ ይበረግጋል፤ ፍጥነቱ ያለ ልክ ይጨምራል። ናፍጣ በካንዴላ እሳት አይነድም፤ በታመቀ አየር ሙቀት ነው የሚነደው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ብታጠፉት አይቆምም። መጀመሪያ ስታስነሱ አንድ ሰው የአየር መሳቢያውን የሚደፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም። እጁን ወይም ጨርቅ እንዳይጠቀም፤ ይስበዋል። ከኢንጀክተር የሚረጨው ናፍጣም ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ጣታችሁን አታስጠጉ። እንዲህ ከሆነ፣ ባያምም እንኳ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ፒስተን የያዘው ክንድ ብሎኩን በስቶ ከወጣ ግን እውነቱን ተቀበሉ። ያም ሆኖ ፖምፓው፣ ኢንጀክተሮቹና ቴስታታው (የሲሊንደሩ የላይ ክዳን) ሌላ ሞተር ያድናሉ፤ ፈታችሁ አስቀሩ።

ማመንጫውን አትርሱ። እርጥበት የጠጣ የሽቦ መጠምጠሚያ ኃይል ሲያገኝ ይቃጠላል። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን ነቅላችሁ መጠምጠሚያውን በሜገር (የሽቦ ሽፋን መፈተሻ መሣሪያ) ለኩት፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከሆነ ይድረቅ።

ሞተሩ ሲነሳ ደስታው ሌላ ነው፤ አውቀዋለሁ። ግን ያለ ሥራ ለሰዓታት አታስጩኹት። ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ብዙ ሲሠራ ያልነደደ ናፍጣና ጥላሸት ጭስ መውጫው ላይ ይከማቻል። ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ዘይቱን ለውጡት፤ ፊልትሮውንም በፊልትሮ መቁረጫ ቆርጣችሁ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ዘርጉትና የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ እንዳለው እዩ።