ከቤት ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ ካምፕ ይሂድ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የ14 ዓመት ልጃችን ዝምተኛ ነው፤ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከስልኩ አይለይም። ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ጎርጎራ ላይ የ10 ቀን ካምፕ አዘጋጅቷል። ልጁ «ልሂድ» ይላል። አባቱ «ልጄን ለማንም አደራ አልሰጥም» ብሎ እምቢ አለ። እኔም ፈራሁ፤ ከቤት ውጭ አድሮ አያውቅም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ራሱ «ልሂድ» ማለቱ ግማሹን ሥራ ጨርሶልዎታል። ብዙ ወላጅ ልጁን ካምፕ የሚልከው ስልክ እንዲተው ብሎ፣ እንደ ቅጣት ነው። እንዲህ የተላከ ልጅ አኩርፎ ሄዶ አኩርፎ ይመለሳል።

ቤት ውስጥ ካልሲው ቢጠፋ እርስዎ ይፈልጉለታል። ምሳው ቢቀዘቅዝ ያሞቁለታል። እዚያ ግን የረጠበ ፎጣውን የት እንደሚያሰጣ ራሱ ያስባል። አጠገቡ የተኛው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ እያወራ እንቅልፍ ቢነሳው «እማዬ፣ ንገሪልኝ» አይልም። ወይ ደፍሮ ይናገረዋል፣ ወይ ይቻቻላሉ። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ደግሞ «ዝምተኛው» መባሉን አያውቁም። በዚህ ዕድሜ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ስለ ስልኩ ከጠየቁኝ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ጥናት አለ። ያለ ስልክና ቴሌቪዥን 5 ቀን ካምፕ የቆዩ የ6ኛ ክፍል ልጆች፣ የሰውን ስሜት ከፊቱ በመረዳት ካምፕ ካልሄዱት እኩዮቻቸው የበለጠ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ሲመለስ ስልኩን አይነካም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ናፍቆት ሊያስቸግረው ይችላል፤ ያለ ነው። አደራ፣ «ካልተመቸህ ደውል፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» እንዳይሉት። እርስዎ በፍቅር ነው የሚሉት፤ እሱ የሚሰማው ግን «አትችልም» የሚል ነው። መልመዱን ትቶ የእርስዎን መምጣት ይጠብቃል። ይልቅ ከአሁኑ አክስቱ ወይም አያቱ ቤት ሁለት ሌሊት ይደር፤ ሳትደዋወሉ።

የአባቱን ስጋት ግን አይናቁበት። ጊዜው መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳያጣሩ ልጅ የሚላክበት አይደለም። ጎርጎራ ያለበት ደምቢያ ደግሞ የወባ አገር ነው፣ ዳሩ ያለው ጣናም ሐይቅ ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም ሄዳችሁ አዘጋጆቹን ጠይቁ። ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማነው? አጎበር አለ? ውሃ ዳር ዋና የሚችል አዋቂ ይቆማል? ልጅ ቢታመም በምን ይወሰዳል? መልሳቸው የተድበሰበሰ ከሆነ አባትየው ልክ ነው፤ ዘንድሮ ይቅር።

መልሳቸው ካረካችሁ ይሂድ። ሻንጣውንም ራሱ ያዘጋጅ፤ እርስዎ እጅዎን አያስገቡ። ሳሙና ቢረሳ ከጓደኛው ይለምናል።