ሞተሩን አይሽጡት፤ ያስቸገረዎት የአምናው ቤንዚን ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጉማራ ወንዝ ዳር ነኝ። ሩዜን ካነሳሁ በኋላ ሽንኩርት እተክላለሁ። የውሃ ሞተሬ ዘንድሮ እምቢ አለኝ። ክንዴ እስኪዝል ገመዱን ስጎትት ዋልኩ። ቾኩን ስስበው ትንሽ ይነሳል፣ ስመልሰው ይጠፋል። አንዱ ጎረቤቴ እምቦጭ ገብቶበት ነው ይላል፣ ሌላው አርጅቷልና ሽጠው ይለኛል። ካምና የተረፈ ቤንዚንም በጀሪካን አለኝ። ባለቤቴ ዝም ብሎ እንዳይበላሽ ከነጭ ጋዝ ጋር ቀላቅለን ለምድጃ እናድርገው ትላለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ስለ ምድጃው ልናገር፤ ሌላው ትንሽ መቆየት ይችላል። ቤንዚን ከነጭ ጋዝ ጋር አይቀላቀልም። ለምድጃም፣ ለኩራዝም፣ ለፋኖስም አይሆንም። ትንሽም ቢሆን አይሆንም። ነጭ ጋዝ ካልሞቀ በቀላሉ አይተንም። ቤንዚን ግን በብርድም ይተናል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ጥግ ላይ ያለ ፍም እንኳ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ምድጃው ውስጥ ከታመቀ ደግሞ ይፈነዳል። ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሩልኝ። ጀሪካኑ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ከሆነም አሁኑኑ ያውጡት።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። «ቾኩን ስስበው ይነሳል፣ ስመልሰው ይጠፋል» ያሉት ብዙ ነገር ነግሮኛል። ቾክ ሲሳብ አየሩ ይቀንስና ቤንዚኑ ይበዛል። በዚያ ጊዜ ብቻ የሚነሳ ሞተር በቂ ቤንዚን እየደረሰው አይደለም። እምቦጭ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይነሳ ነበር፤ የሚቸግረው ውሃው ነበር። እርጅናም አይመስለኝም። አምና ሲሠራ የነበረ ሞተር ተቀምጦ አያረጅም። ተቀምጦ የሚበላሽስ ቤንዚኑ ነው።

እንደምገምተው ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ውሃ አጠጥተው ሞተሩን ከነቤንዚኑ አስቀመጡት። ክረምቱን በሙሉ እንደዚያው ቆየ። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የሚቀረው እየወፈረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ሰልባትዮው፣ ማለትም የሞተሩ ቤንዚን መያዣ፣ ውስጥ ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይታወቅም። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሥር ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ውስጥ ግን የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው፤ ቶሎ ይደርቃል። ከእሷ በላይ ያለችው ቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ትንሽ ሙጫ ከያዛት ሞተሩ ይራባል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ሞተር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ መካኒክም አያስፈልግም። ቁጥር 10 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቆርቆሮ ዕቃና ጥቂት አዲስ ቤንዚን ይበቃል።

ሞተሩን ደጅ ያውጡት። የቀዘቀዘ ይሁን። ምድጃም ሲጋራም ከአካባቢው ይራቅ። እሳት የሚሰጠውን የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉት። ከካርቡሬተሩ ሥር ያችን ጎድጓዳ ያገኟታል። ከታች ትንሽ የማፍሰሻ ብሎን አላት፤ በብዙዎቹ የቤንዚን ፓምፖች ላይ ቁጥር 10 ትገባበታለች። ቆርቆሮውን ከሥር አድርገው ብሎኗን ያላሉ፣ የነዳጁን መዝጊያም ይክፈቱ። የካርቡሬተሩም የሰልባትዮውም ቤንዚን በዚያው ይወርዳል። በጎማ በአፍ መሳብ አያስፈልግም። እባክዎ ይህን ነገር ተዉት፤ በየመስኖው ዳር አየዋለሁ። ቤንዚን በትንታ ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። የዋጠ ሰው ካለ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የወረደው ቡናማ ከሆነና የሚቆመጥጥ ሽታ ካለው ግምታችን ልክ ነው። ብሎኗን ይመልሱ፣ አዲስ ቤንዚን ያስገቡ፣ የፈሰሰው ደርቆ ሽታው ሲጠፋ የካንዴላውን ገመድ መልሰው፣ ቾክ ስበው ይሞክሩ። አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይነሳል።

ካልተነሳ አንድ እርምጃ ይቀራል። የካንዴላውን ገመድ እንደገና ንቀሉ፣ መዝጊያውን ዝጉት፣ የቀረውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ጎድጓዳዋን የያዘውን ብሎን ፈትተው ዝቅ አድርጉ። የጎማ ቀለበቷ እንዳትጠፋ። ውስጡ ያለውን ተንሳፋፊ አይታገሉት፣ ባለበት ይሁን። ከመሃል ወደ ላይ ሲያዩ ቢጫ የናስ ብሎን አለች፤ ራሷ ላይ ለካቻቢቴ የተሰነጠቀ መስመር አላት። ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይዘው ቀስ ብለው ይፍቷት። ወደ ፀሐይ አድርገው ይዩባት። ብርሃን ካልታየ ሌባው ተይዟል። በአዲስ ቤንዚን ዘፍዝፈው ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር አውጥተው ያሳልፉባት። መርፌ ግን አይጠቀሙ። መርፌ ቀዳዳዋን ያሰፋና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ቤንዚን ሲጠጣ ይኖራል። በብስክሌት መንፊያ ነፍተው ይመልሷት። የፈሰሰው ቤንዚን ሁሉ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ሳይጠብቁ ግን የካንዴላውን ገመድ አይመልሱ፣ ሞተሩንም አያስነሱ።

ሽንኩርቱን አዲስ ካዛወራችሁት ግን ይህን እስክትጨርሱ አትጠብቁ። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፣ ጥም አይችልም። የጎረቤት ሞተር ለአንድ ቀን ተከራይታችሁም ቢሆን አጠጡት።

አሁን የተረፈው ቤንዚን። ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ሰው ቢያስቀምጥ አልፈርድበትም። ግን ሳያዩ ወደ ሞተር አይመልሱት። ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቀድተው ክዳኑን ገጥመው ጥላ ሥር ያቁሙት። ሲረጋ ይዩት። ከሥር የተለየ ፈሳሽ ከታየ ውሃ ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። ቀለሙ ካልጠቆረና ሽታው ያው የምታውቁት የቤንዚን ሽታ ከሆነ አልሞተም። ቀስ ብለው ከላይ ከላይ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፣ የጀሪካኑን ግርጌ ሳያናውጡ፣ አንዱን እጅ ከአራት እጅ አዲስ ቤንዚን ጋር ቀላቅለው በዚሁ ፓምፕ ይጨርሱት። ለመርጫ ሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ከዚህ አይቀላቀልም።

እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ቀለም ቀለም ከሸተተ ለሞተር አይመለስም። ከተማ ስትወርዱ ለጋራዥ ስጡት፤ ቅባት የያዘ ብረት ያጥቡበታል።

ወንዝ ዳር ግን አይደፋም። ይህን ስናገር ትንሽ እቆጣለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰልባትዮውን ጉማራ ዳር ማጠብ፣ የተረፈውን ቦይ ውስጥ መድፋት፣ የተቃጠለ ዘይት ሣር ላይ ማፍሰስ የተለመደ ሆኗል። ጉማራ የሚገባው ጣና ነው። ነጭ አሳው በክረምት ከሐይቁ ወደ ጉማራ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ከታች ያለው ጎረቤትዎም ከዚያው ውሃ ይቀዳል፣ ከብቱም ከዚያው ይጠጣል። ለጥቂት ቤንዚን ብለን ይህን ሁሉ አንበክል። ለከብት መዥገር የሚቀባም አለ፤ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ሲልሰው ደግሞ ሆዱ ይገባል። ለመዥገር የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚሰጠው መድኃኒት አለ።

ለከርሞ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ግንቦት ላይ የመጨረሻውን ውሃ ሲያጠጡ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የነዳጁን መዝጊያ ይዝጉት። አያጥፉት፣ ይተውት። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ጨርሶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱ ይጠፋል። ያችን ቀዳዳ የሚደፍን ቤንዚን አይቀርም ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ የሰልባትዮውን ወደ ጀሪካን ገልብጠው ክረምት ሳይገባ ለሚጠቀም ሰው ይስጡት ወይም ይሽጡት። ለሚቀጥለው በጋ አዲስ ቤንዚን ይገዛሉ። ጀሪካኑ የሚጠጣ ውሃ ወይም ጠላ የማይቀዳበት ይሁን፤ ምልክት ያድርጉበት፣ ልጆች እንዳይደርሱበት ጥላ ሥር ያስቀምጡት።

ይህን ሁሉ አድርገው ቾክ ሲመለስ አሁንም ከጠፋ ወደ መካኒክ ይውሰዱት። «ካርቡሬተሩን አፍስሻለሁ፣ ቀዳዳዋንም አጽድቻለሁ፣ አሁንም ቾክ ስመልስ ይጠፋል» ይበሉት። እሱ ቀጥሎ የሚያየው ተንሳፋፊውንና ቤንዚን የሚመጣበትን ፊልትሮ ነው። ሁለቱም ትንሽ ሥራ ናቸውና ለሙሉ ሞተር ጥገና ሒሳብ ከጠየቀዎት ሌላ መካኒክ ያማክሩ።