የአየርላንድ ቅድመ አያት ፍለጋ በአጥቢያና በመሬት መዝገብ፦ ጥያቄና መልስ

ከአየርላንዳውያን ዘር ጋር ተጋብታችሁ የልጆቻችሁን ሐረግ ለምታፈላልጉ የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ቅድመ አያት በ1840ዎቹ በአየርላንድ በደረሰው ታላቅ ረሃብ ዘመን ቦስተን የገቡ ፓትሪክ መርፊ የሚባሉ ሰው ናቸው። ከየትኛው የአየርላንድ መዝገብ ልጀምር?

መልስ፦ ከአየርላንድ አይጀምሩ። መርፊ በአገሪቱ በብዛት አንደኛ የሆነ የቤተሰብ ስም ነው፤ በአንድ አጥቢያ ውስጥ እንኳ ብዙ ፓትሪክ መርፊ ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ የቦታ ስም ነው፤ እሱም የሚገኘው አሜሪካ ከቀረው ወረቀት ነው። የዚያ ዘመን የመርከብ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ «አየርላንድ» ብሎ ያልፋል። የዜግነት ማመልከቻም የትውልድ ቦታን በዝርዝር መያዝ የጀመረው ከ1906 ወዲህ ነው። ስለዚህ የመቃብር ድንጋይ፣ የጋዜጣ የሞት ማስታወቂያና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጋብቻ መዝገብ ይፈትሹ። የቦስተኑ «ፓይለት» ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ዘመድ የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ያወጣ ነበር፤ ብዙዎቹ ካውንቲውንና አጥቢያውን፣ አንዳንዶቹም መንደሩን ይጠቅሳሉ። የእሳቸው ስም ከታጣ የወንድም የእህታቸውን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ የ1851ን የሕዝብ ቆጠራ ለምን አጣሁት?

መልስ፦ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች፣ ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጁን 30 ቀን 1922 የደብሊኑ መዝገብ ቤት ሲቃጠል ወድመዋል። የ1861 እና የ1871 ቀድሞውኑ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር፤ የ1881 እና የ1891 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ተፈጭተዋል። የ1901 እና የ1911 ግን በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ በነጻ ይታያሉ። እዚያ ያለውን ዕድሜ በጥርጣሬ ይዩት። በ1909 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ አረጋውያን ጡረታ መከፈል ስለጀመረ፣ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል 10 ዓመት አልፎ 14 እና 15 ዓመት ያረጀ ሰው ደጋግሞ ያጋጥማል።

ጥያቄ፦ የካቶሊክ አጥቢያ መዝገብ ከየት ይገኛል? ላቲኑንስ እንዴት ላንብበው?

መልስ፦ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1,000 በላይ የሚሆኑ አጥቢያዎችን መዝገብ ከ2015 ጀምሮ በነጻ ለቋል፤ አብዛኛው እስከ 1880 ገደማ ይደርሳል። እዚያ ያለው ምስሉ ብቻ ነው። በስም መፈለጊያ የሠሩለት እንደ አንሴስትሪና ፋይንድማይፓስት ያሉት የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጾች ናቸው። መፈለጊያው «የለም» ቢልዎ አይመኑት፤ የደበዘዘ ጽሑፍ ተሳስቶ ይነበባል፣ ከስም በፊት የሚመጡት «ኦ» እና «ማክ»ም አንዴ ይጻፋሉ፣ አንዴ ይቀራሉ። ምስሉን ገጽ በገጽ ያንብቡ። አሜሪካ የተጻፈው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ስለሆነ ከተባለው ዓመት በፊትም በኋላም አምስት አምስት ዓመት ይዩ።

ክርስትናው እንደኛ 40 እና 80 ቀን አይጠብቅም፤ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ በተወለደ በቀናት ውስጥ ይጠመቃል። አንድ መስመር ቀኑን፣ የሕፃኑን ስም፣ አባትን፣ እናትን ከነአባቷ ቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎም የክርስትና አባትና እናትን ይይዛል፤ ዕድል ከቀናም መንደሩን። ላቲን የሚሆነው በተለይ የመጠሪያ ስሙ ነው፦ ያኮቡስ ጄምስ፣ ጉሊየልሙስ ዊሊያም፣ ካሮሉስ ቻርልስ ነው። የክርስትና አባትና እናትን ስም ሳይዘሉ ይገልብጡ። ብዙ ጊዜ አጎት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ናቸው፤ ሁለት ፓትሪኮችን ለይተው የሚሰጡዎት እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ በግሪፊዝ የመሬት ግምት ሦስት ተመሳሳይ ስም አገኘሁ። የእኛ የቱ ነው?

መልስ፦ ግምቱ ከ1847 እስከ 1864 ለግብር ሲባል የታተመ ነው፤ የሚመዘግበው ቤቱን ወይም መሬቱን የያዘውን ሰው እንጂ ሚስትና ልጆችን አይደለም። ረድፉን ከግራ ያንብቡ፦ የካርታ ቁጥር፣ ባለይዞታው፣ አከራዩ፣ የይዞታው ዓይነት፣ ስፋቱ በኤከር፣ በሩድና በፐርች (የኤከር ክፍልፋዮች ናቸው)፣ መጨረሻ ላይ የመሬቱና የቤቱ ግምት። ከስሙ ጎን በቅንፍ ሌላ ስም ካለ ብዙውን ጊዜ የአባት ስም ነው፤ ሞክሼዎችን ለመለየት የገባ ነው። ሦስቱ የተመዘገቡበትን ታውንላንድ፣ ማለትም ትንሹን የገጠር መሬት ክፍል፣ ለየብቻ ይያዙና ከክርስትና መዝገቡ የገለበጡትን የክርስትና አባትና እናት የቤተሰብ ስም በጎረቤቶቹ መካከል ይፈልጉ። የተገኘበት ቦታ ሚዛኑን ይደፋል። አንድ ጥንቃቄ፦ ግምቱ የተደራጀው በሲቪል አጥቢያ፣ ማለትም መንግሥት ለአስተዳደር በሚጠቀምበት የአካባቢ ክፍል ነው፤ የካቶሊኩ አጥቢያ ወሰኑም ስሙም ሊለይ ይችላል።

ቀጥሎ የማሻሻያ መዛግብቱን፣ ማለትም ከግምቱ በኋላ የባለይዞታ ለውጥ የተመዘገበባቸውን፣ ይክፈቱ። ባለይዞታ ሲለወጥ የድሮው ስም ተሰርዞ አዲሱ ከላዩ ይጻፋል፤ በየዙሩ የተለያየ ቀለም ስለተጠቀሙ በቀይ የተሰረዘ ስም ከዳር ካለው ቀይ ዓመት ጋር ይነበባል። ገማቹ እስኪመለስ ለውጡ ሊዘገይ ስለሚችል ዓመቱን የሞት ወይም የስደት ዓመት አድርገው አይያዙት። የስድስቱ የሰሜን ካውንቲዎች መዛግብት ከቤልፋስቱ ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት በነጻ ይታያሉ፤ የተቀሩት ደብሊን ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰው በ1847 ወጥተዋል። በግሪፊዝ የሉም።

መልስ፦ ገማቾቹ ብዙ ካውንቲ የደረሱት ከዚያ በኋላ ስለሆነ አያስደንቅም። ወደ አሥራት መዝገብ ይመለሱ፤ ከ1823 እስከ 1837 ገበሬው፣ ካቶሊኩም ሳይቀር፣ ለአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የሚከፍለው የተተመነበት ነው። ከተሞች የሉበትም። ስፋቱ ብዙ ጊዜ በአየርላንድ ኤከር ነው፤ አንዱ 1.62 የተለመደ ኤከር ይሆናል። በአሥራቱ 5፣ በግሪፊዝ 8 ኤከር ቢያዩ ያው መሬት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ፕሮቴስታንት ከነበሩስ?

መልስ፦ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የአንግሊካን አጥቢያ መዝገብ በ1922 ተቃጥሏል። ካቶሊክ ያልሆኑ ሰዎች ጋብቻ ከ1845፣ የሁሉም ልደት፣ ጋብቻና ሞት ከ1864 ጀምሮ በመንግሥት ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ የአከራዩ ስም ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ብዙ ይጠቅማል። በዚያ ስም የርስቱን ሰነዶች በደብሊኑ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና በቤልፋስት ይጠይቁ፤ የጭሰኞች የኪራይ ዝርዝር ሊገኝ ይችላል። የኪራይ ውል ካለ የጊዜ ገደቡን ይዩ። አንዳንዱ ውል የሚጸናው የተጠቀሱት ሦስት ሰዎች በሕይወት እስካሉ ነበር፤ ጭሰኛው ብዙ ጊዜ የሚያስጽፈው የልጆቹን ስም ነው፣ አልፎ አልፎም ከነዕድሜያቸው።