ጥያቄና መልስ ከጋሽ ብሎን ጋር፦ ፎርሙላ መኪና፣ ግጭትና በሕይወት መውጣት

አስተባባሪ፦ የዛሬው ተጠያቂያችን ጋሽ ብሎን ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በአማተር ፎርሙላ ውድድሮች ላይ መኪኖች ትራክ ከመግባታቸው በፊት ይመረምራሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ፎርሙላ ቪ እና ፎርሙላ ፎርድ የሚባሉ የውድድር መኪኖች ሲፈቱና ሲገጥሙ ነው። በሉ ጠይቋቸው።

ጋሽ ብሎን፦ እንደምን ዋላችሁ። ሦስት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ እኔ የማወራው አናታቸው ክፍት፣ ጎማቸው ውጭ ስለሆኑ የክለብ መኪኖች ነው። ስለ ፎርሙላ ዋኑ ሉዊስ ሃሚልተን ሌላ ሰው ጠይቁ። ሁለተኛ፣ የክለባችሁን የደንብ መጽሐፍ አንብቡ። ሦስተኛ፣ ዕቃችሁ ላይ የተጻፈውን ቀን እዩ። ዓመት ስጠራ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። እንጀምር።

ቮልስ ወዳጅ (ቨርጂኒያ)፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ያገለገለ ፎርሙላ ቪ ልገዛ ነው። አባቴ አዲስ አበባ ቮልስ ስለነበረው ሞተሩን በደንብ አውቀዋለሁ። መኪናውን ሳይ ከደኅንነት አንጻር ከምን ልጀምር?

ጋሽ ብሎን፦ ሰላም ነኝ። ቪ በ1963 በኤስሲሲኤ (የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ) ሥር ሲጀመር ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ የቮልሱን ሞተር፣ ካምቢዮና የፊት እግር ወስዶ የቱቦ ሻንሲ ላይ መግጠም። ሞተሩን ማወቅህ ጥሩ ነው። ግን ስትጋጭ ሞተሩ አያድንህም።

ሄልሜትህን ይዘህ ሂድ። አድርገህ ቁጭ በል፣ ቀበቶ እሰር፣ ከጎን ፎቶ ተነሣ። ከጀርባህ ያለው ሮል ባር (ስትገለበጥ አናትህን የሚጠብቀው የብረት ቅስት) ከሄልሜትህ አናት ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል መብለጥ አለበት። ሻጩ አጭር፣ አንተ ረጅም ከሆንክ መኪናው ላንተ አይሆንም፤ ዋጋው የፈለገውን ቢረክስ። ቀጥሎ እግርህ የት እንደሚያርፍ እይ። በድሮ ፎርሙላ መኪኖች የሾፌሩ እግር ከፊት አክስሉ አልፎ ይወጣል። ፊት ለፊት ስትጋጭ ቀድሞ የሚጨማደደው ቁርጭምጭሚትህ ነው። ፎርሙላ ዋን በ1988 እግር ከፊት አክስል ኋላ ይሁን ብሎ ደነገገ። የክለብ መኪኖች ግን ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው። በመጨረሻ የእጅ ባትሪ ይዘህ ከሥር ግባ። ታጥፎ የተቃና ቱቦ፣ የተደራረበ ብየዳ፣ ቀለም የተቀባበት ዝገት ካየህ አመስግነህ ወደ ቤትህ ሂድ።

ቀበቶውን ለመመርመር ጊዜ አታጥፋ። ከመኪናው ጋር የመጣ ቀበቶ ይጣላል።

አዲስ ገቢ፦ ምርጥ ሄልሜት የቱ ነው?

ጋሽ ብሎን፦ ጭንቅላትህ ላይ የሚገጥመው። ውስጡ የስኔል (ሄልሜት የሚፈትን ድርጅት) "ኤስኤ" ምልክት ይኑረው፤ ክለብህ የሚቀበለው ዓመትም ይሁን። "ኤም" የሚለው የሞተር ሳይክል ነው፣ በእሳት አልተፈተነም። ቀጥል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሽ ብሎን፣ ሃንስ የሚባለው የአንገት መያዣ የእውነት ያስፈልጋል? ዋጋው ከባድ ነው። ቪ ደግሞ ፈጣን መኪና አይደለም።

ጋሽ ብሎን፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። "ፈጣን አይደለም" ያልከው መኪና ቀጥታው ላይ ከ160 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ይሄዳል።

ቀበቶ ደረትህንና ዳሌህን ይይዛል። ጭንቅላትህን የሚይዘው የለም። ጭንቅላትና ሄልሜት አንድ ላይ ከ6 ኪሎ በላይ ናቸው። በ50 ጂ (የመሬት ስበት 50 እጥፍ) ግጭት ያ 6 ኪሎ 300 ኪሎ ሆኖ አንገትህን ወደ ፊት ይጎትታል። የሚሰበረው የራስ ቅልህ ሥር ነው፣ አንጎል የሚያርፍበት አጥንት። የፎርሙላ ዋኑ ሮላንድ ራትዘንበርገር በ1994 ኢሞላ ላይ፣ የናስካሩ (የአሜሪካ የመኪና ውድድር) ዴል ኧርንሃርት በ2001 ዴይቶና ላይ የደረሰባቸው ይኸው ጉዳት ነው።

የሚያናድደው መፍትሔው ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1981 ሾፌሩ ፓትሪክ ዣክማር አሜሪካ ውስጥ ሚድ ኦሃዮ ትራክ ላይ ሞተ። ጓደኛው ጂም ዳውኒንግ ራሱም ተወዳዳሪ ነበር። የዳውኒንግ አማች ሮበርት ሀበርድ ደግሞ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮሜካኒክስ (የሰውነት እንቅስቃሴና ጉዳት ሳይንስ) ፕሮፌሰር ነበር። ሁለቱ ተመካክረው ትከሻ ላይ የሚያርፍ፣ በትከሻ ቀበቶ የሚያዝ፣ ሄልሜቱን በማሰሪያ የሚይዝ አንገትጌ ሠሩ። ሃንስ እሱ ነው። ሾፌሩ ግን "አያመቸኝም፣ አንገቴን አያስዞረኝም" እያለ ለዓመታት ገፋው። ናስካር ግዴታ ያደረገው ኧርንሃርት በሞተበት ዓመት ነው፤ ፎርሙላ ዋን በ2003፣ ኤስሲሲኤ በ2012። ስለዚህ የኤስኤፍአይ 38.1 ወይም የኤፍአይኤ 8858 ምልክት (ሁለቱም የውድድር ደኅንነት መስፈርት የሚያወጡ ድርጅቶች ናቸው) ያለበት ሳታደርግ አትገባም። ዋጋውን ከጎማ ወጪህ ቀንስ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሃንስ የሚሠራው ቀበቶው ሲሠራ ነው። ውድ ሃንስ ገዝተው የወገብ ቀበቶውን ሆዳቸው ላይ የሚያስሩ ሰዎች ሁሌ አያለሁ። የወገቡ ቀበቶ ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ ይቀመጥ። ሆድ ላይ ካረፈ ግጭቱን የሚቀበለው አንጀትህ ነው። ፎርሙላ ውስጥ ደግሞ ተንጋለህ ነው የምትቀመጠው። ስትጋጭ ከቀበቶው ሥር ሾልከህ ወደ ፊት ልትንሸራተት ትችላለህ። በእግርህ መሃል የሚያልፉት ሁለቱ ማሰሪያዎች የተፈጠሩት ለዚህ ነው። መጀመሪያ የወገቡን አጥብቅ፣ ከዚያ የትከሻውን። ሌላ ሰው ይጎትትልህ። "በቃ፣ ጠበቀ" ስትለው አንዴ ይጨምርልህ።

መቀመጫውም እንደዚያው። የሰውነትህን ቅርጽ ይዞ የሚደርቀውን ዓይነት አሠራ። ለስላሳ ስፖንጅ አታድርግ። ስትመታ ስፖንጁ ይጨመቅና አጥብቀህ ያሰርከው ቀበቶ ይላላል።

የቀበቶ ጨርቅ ፀሐይ ይበላዋል። መኪናው ክፍት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ኤስኤፍአይ 16.1 የሚለው በኤስኤፍአይ ቆጠራ ከተሠራበት ቀን 2 ዓመት ነው ዕድሜው። የኤፍአይኤው ላይ የሚያበቃበት ዓመት ተጽፏል። ክለቦች የየራሳቸው ቆጠራ ሊኖራቸው ይችላል፤ የደንብ መጽሐፉን አንብቡ ያልኩት ለዚህ ነው።

የድሮ ዘመን፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ አልበዛም? የፎርሙላ ዋኑ ዴቪድ ፐርሊ በ1977 ሲልቨርስቶን ላይ 179.8 ጂ ተመቶ ያለ ሃንስ ተርፏል። ድሮ እኮ ሰው በቆዳ ኮፍያ ይነዳ ነበር።

ቢጫ ባንዲራ (ሰሚት ፖይንት ትራክ፣ በጎ ፈቃደኛ ማርሻል፣ ትራክ ዳር ባንዲራ የሚያውለበልብ)፦ ይነዳ ነበር፣ ይቀበርም ነበር።

የድሮ ዘመን፦ ጥበቃ በበዛ ቁጥር ሾፌር ይደፍራል ነው የምለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣል የሚያደርገው ባለታክሲ ጥበቃ በዝቶበት ነው የሚደፍረው?

የድሮ ዘመን፦ እሱ ሌላ ነገር ነው። የታክሲው ቀበቶ መጀመሪያውኑ አይሠራም።

አዲስ ገቢ፦ እኔ የምሳፈርበትስ ቀበቶ ራሱ የለውም።

ጋሽ ብሎን፦ ታክሲውን ተዉት። ፐርሊ ከተነሣ አይቀር ልጨርሰው። ሰውየው ከ173 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ ዜሮ የወረደው በ66 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። እግሩ፣ ዳሌው፣ የጎን አጥንቱ ተሰባብሯል። ደግሞ ይኸው ፐርሊ ነው በ1973 ዛንድቮርት ላይ የራሱን መኪና አቁሞ፣ ተገልብጦ የሚነደውን የሮጀር ዊሊያምሰንን መኪና ብቻውን ሊያቃና የታገለው። ዊሊያምሰንን ግጭቱ አልገደለውም። እሳቱ ነው የገደለው። ስለ ድሮ ዘመን ስታወራ ይኼንንም ጨምረህ አውራ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳ መትተህ በግማሽ ሜትር ውስጥ ከቆምክ በአማካይ 79 ጂ ገደማ ይደርስብሃል። በአንድ ሜትር ከቆምክ 40 ገደማ። አፍንጫው ውስጥ ያለው የሚጨማደድ ሣጥን የሚገዛልህ ያቺን ርቀት ነው። ትራኩ ዳር ያለው የጎማ ክምርም እንዲሁ። "ክብደት ጨመረብኝ" ብሎ ሣጥኑን ያወጣ ሰው እኔ ጋ አያልፍም።

ስም የለኝም፦ መኪናዬ ደኅንነቱ የተጠበቀ እንዲሆን ምን ላድርግ?

ጋሽ ብሎን፦ የቱ መኪና? የትኛው ክፍል? የስንት ዓመት? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

የሾፌር እናት (ሲያትል)፦ ጋሼ፣ ልጄ ፎርሙላ ፎርድ ሊጀምር ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝ እሳት ነው።

ጋሽ ብሎን፦ እህቴ፣ ጭንቀትሽ ልክ ነው። ሁለት ነገር ይታያል፤ ነዳጁ እንዳይፈስ፣ ልጁ ቶሎ እንዲወጣ። ነዳጁ ተራ ሳልባትዮ ውስጥ አይሁን። ውስጡ ፎም የተሞላ፣ ሲጨማደድ በቀላሉ የማይቀደድ ከረጢት አለ፤ እሱ ይሁን። እሱም ዕድሜ አለው፣ ቀኑን እዪ። የእሳት መከላከያ ልብሱ ላይ 3.2ኤ/1 የሚል የኤስኤፍአይ ምልክት ካለ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ 3 ሰከንድ ያህል ይሰጠዋል። 3.2ኤ/5 ከሆነ 10 ሰከንድ ያህል። ሰዓት ይዘሽ 3 ቁጠሪ፣ ከዚያ 10 ቁጠሪ፣ የቱን እንደምትገዢ ያኔ ታውቂያለሽ። ከሥር ፖሊስተር ቲሸርት እንዳያደርግ። ይቀልጥና ቆዳው ላይ ይጣበቃል።

መውጣቱን ቤት ያለማምደው። ዓይኑን ጨፍኖ መሪውን ይንቀል፣ ቀበቶውን ይፍታ፣ ይውጣ። እጁ ከሐሳቡ እስኪቀድም ድረስ ይደጋግመው። የፎርሙላ ዋኑ ሮማን ግሮዣን በ2020 ባሕሬን ላይ 67 ጂ ተመትቶ እሳት ውስጥ 28 ሰከንድ ያህል ቆይቷል። የወጣው ዕቃው ሁሉ ስለሠራለት፣ ራሱም ስላልሳተ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእሳት ማጥፊያው ፒን! ጋራዥ ውስጥ እንዳይለቅ ተብሎ ይሰካል። ከዚያ ሳይነቀል ሰልፍ ላይ ይቆማል። ሾፌሩ እሳት ሲነሣ ማንሻውን ቢጎትት ምንም የለም። ልጅሽ ከመነሣቱ በፊት ፒኑን በእጅሽ ተቀበዪው።

የአራት ኪሎ ልጅ (ዴንቨር)፦ ማተብስ? የብር መስቀል አለበት። አላወልቅም።

ጋሽ ብሎን፦ ብረት አንገት ላይ አይገባም። የኤፍአይኤ ደንብም የብረት ሐብል ይከለክላል። በእሳት ይግላል፣ ከሃንሱ ሥር ደግሞ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ክሩም ናይለን ከሆነ ይቀልጣል። የጥጥ ክር እሰር፣ መስቀሉን የሚጠብቅህ ሰው ይያዝልህ።

የድሮ ዘመን፦ ማተቡን በጥሶ ይንዳ ነው የሚሉት?

ቢጫ ባንዲራ፦ በጥስ ያለው የለም። ክር ቀይር ነው የተባለው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦ እሳቸው እሽቅድምድሙን ራሱ አይወዱትም። ይኼን ካነሣሁባቸው ሁለቱንም ነው የሚከለክሉኝ።

ጋሽ ብሎን፦ እንግዲህ እሱ በናንተ መካከል ነው። ቀጥሎ።

ከዱባይ፦ እዚህ ሙቀቱ አይጣል ነው። በሦስት ድርብ የእሳት መከላከያ ልብስ እንዴት ይቻላል?

ጋሽ ብሎን፦ ውሃ ጠጡ፣ ከዋዜማው ጀምሮ። ራስ ማዞር ሲጀምር ፒት (ትራኩ ዳር ያለው ማቆሚያ) ግቡ። ድርቡን አትቀንሱ።

ፍጥነት፦ ሄልሜት የትኛው ብራንድ ይሻላል?

ጋሽ ብሎን፦ ከላይ መልሻለሁ።

ጀማሪ (አትላንታ)፦ መኪናው ከእጄ ወጥቶ ግድግዳው ሲመጣ ምን ላድርግ?

ጋሽ ብሎን፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! ማዳን እንደማትችል ካወቅህ ፍሬንና ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ርገጥ። ጎማው የተቆለፈ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ከኋላህ የሚመጡት አይተው ያልፉሃል። ፍሬኑን ከለቀቅህ ጎማው እንደገና መሬት ይይዝና ወደ ትራኩ መሃል ሊወረውርህ ይችላል። ልትመታ ስትል እጅህን ከመሪው አንሣና ደረትህ ላይ እጠፍ። የፊት ጎማው ሲመታ መሪው በኃይል ይዞራል። አውራ ጣት ይሰብራል፣ የእጅ አንጓ ይሰብራል። የክንድ ማሰሪያውንም አትርሳ፤ መኪናው ሲገለበጥ እጅህ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው።

ከሁሉ የምፈራው ጎማ ከጎማ ሲነካካ ነው። የሚሄድ መኪና የኋላ ጎማ፣ ጀርባው የሚሽከረከረው ወደ ላይ ነው። የፊት ጎማህ እዚያ ላይ ከገባ ወደ ሰማይ ያነሣሃል። በተለይ በመጀመሪያው ዙር ጎማህን በሰው ጎማዎች መሃል አትሰካ።

ከቆምክ በኋላ እሳት ከሌለ ታስረህ ቆይ፣ ሄልሜትህን አታውልቅ። ደኅና ከሆንክ ለማርሻሎቹ በእጅህ አሳይ። ተገልብጠህ ከሆነ ቀበቶውን ዝም ብለህ አትፍታ፣ በአናትህ ትወርዳለህ። ቢሊ ሞንገር በ2017 ዶኒንግተን ላይ በፎርሙላ 4 ውድድር የገባው የቆመ መኪና ውስጥ ነው። 17 ዓመቱ ነበር። ሁለቱንም እግሮቹን አጥቷል። ቢጫ ባንዲራ (ፊትህ አደጋ አለ ማለት ነው) ሲውለበለብ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ማለፍ የሚባል ነገር እርሳ።

ቢጫ ባንዲራ፦ ጋሼ፣ ይኼን ደግመው ይበሉልኝ። ትራኩ ዳር የምንቆመው እኛ ነን።

የድሮ ዘመን፦ ባንዲራው ራሱ አንዳንዴ ይዘገያል እኮ።

ቢጫ ባንዲራ፦ አንድ ቅዳሜ መጥተህ አብረኸን ቁም። ከዚያ እናወራለን።

ጋሽ ብሎን፦ ሁለታችሁም በቃችሁ። የቀረ አለ?

ከሚኒያፖሊስ፦ ቅዳሜ ጭንቅላቴን ተመትቼ ትንሽ አዙሮኝ ነበር። አሁን ደኅና ነኝ። እሑድ ልወዳደር?

ጋሽ ብሎን፦ አይሆንም። ሐኪም ሳያይህ መሪ አትንካ። ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። የተመታውንም ሄልሜት መልሰህ አታድርገው።

ስም የለኝም፦ የቤት መኪናዬ ኢንሹራንስ ውድድር ላይ ይሸፍናል?

ጋሽ ብሎን፦ ውልህን አንብብ። እኔ የብሎን ሰው ነኝ።

ከዳላስ፦ ጋሼ የመጨረሻ። ከጓደኛዬ የገዛሁት ቀበቶ 2016 ይላል። ግን ጋራዥ ውስጥ ስለተቀመጠ አዲስ ነው የሚመስለው…

ጋሽ ብሎን፦ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን ስል ነበር? በመቀስ ቆራርጠህ ጣለው። ሳትቆርጥ ከጣልከው አንዱ አንሥቶ ይገጥመውና በሚቀጥለው ውድድር እኔ ፊት ይዞት ይቆማል።