የአጎትህ አይሱዙ የሥራ ልምድ ይሆናል ወይ?

ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። በአውቶሞቲቭ ሌቭል 3 ጨርሰህ ሲኦሲ (የብቃት ምዘናውን) አልፈሃል። የአጎትህ አይሱዙ ኤንፒአር ውሃ እየጨረሰ ሲያስቸግር፣ ግቢ ውስጥ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይ ክዳን) አውርደህ፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀይረህ መልሰህ ገጥመሃል። መኪናው እስካሁን ይሠራል። ጋራዥ ስትሄድ ግን "የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጣ" ይሉሃል። የአጎቴ መኪና ይቆጠርልኛል ወይ?

ወንድሜ፣ እንደ ደብዳቤ አይቆጠርም። ማህተም የለውማ። ከዘመድ ጋራዥ ማህተም ለምኖ ማስመታቱንም ተወው፤ በስልክ ከተጣራ አለቀልህ። እንደ ሥራ ግን ይቆጠራል፣ ማስረዳት ካወቅክበት።

ብዙ ልጆች ቃለ መጠይቅ ላይ "ፈታሁ፣ ገጠምኩ" ብለው ያቆማሉ። መፍታትማ ቁልፍ የያዘ ሁሉ ይፈታል። የጋራዡ ኃላፊ መስማት የሚፈልገው ለምን እንደፈታህ ነው። ጓርኒሲዮኑ መቃጠሉን ቴስታታውን ሳታወርድ በምን አወቅክ? ራዲያተሩ አረፋ ይደፍቅ ነበር? ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ነበር? ሞተሩ ግሎ ከሆነስ ያጋለው ምንድን ነው? ቴርሞስታቱ፣ የውሃ ፖምፓው ወይስ የተደፈነ ራዲያተር? ይህን ሳታገኝ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይረህ ከሆነ መኪናው ተመልሶ ይመጣል።

ቀጥሎ ልኬት። ቴስታታው መጣመም አለመጣመሙን ለካህ ወይስ "ደህና ይመስላል" ብለህ መለስከው? የናፍጣ ሞተር ጓርኒሲዮን ውፍረቱ ይለያያል። ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ነው የሚመረጠው። መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄዶ "የኤንፒአር ስጠኝ" ማለት አይበቃም (ሁላችንም እንደዚያ ስንገዛ ኖረናል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በቶርክ ሬንች (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) አጠበቅክ? የባልቦላውን (የቫልቩን) ክፍተትስ ለካህ? የሞተሩ ዓይነት ፎር ኤች ጂ ዋን ከሆነ ክፍተቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ያልለካኸውን ለካሁ አትበል። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ትያዛለህ።

ስለዚህ ዛሬውኑ ደብተር አውጣ። የሞተሩን ዓይነት፣ ያየኸውን ምልክት፣ የለካኸውን፣ የቀየርከውን ዕቃ፣ ከጥገናው በኋላ የሄደውን ኪሎ ሜትር ጻፍ። ፎቶ ካለህ ጨምርበት። ሲቪህ ላይ "የግል ሥራ" ብለህ ሁለት ሦስት መስመር ስጠው። "የሥራ ልምድ" ሥር ግን አታስገባው።

የሰፈር ጋራዥ ብቻ አትዙር። ብዙ የጭነት መኪና ያላቸው የትራንስፖርትና የኮንስትራክሽን ድርጅቶች የራሳቸው ጋራዥ አላቸው። እዚያ አንድ ዓይነት ሞተር ደጋግመህ ስለምታገኝ እጅህ ቶሎ ይለምዳል። በረዳት መካኒክነት ግባ። ደሞዙ አያስደስትህም፣ ደብዳቤው ግን የሚገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ነገር አልወደድኩልህም። የጎረቤት መኪናም ግቢ ውስጥ በገንዘብ መጠገን ልጀምር ብለሃል። አሁን አይሆንም። የአጎትህ ሞተር ቢነክስ (ተጣብቆ ቢቆም) በቤተሰብ ያልቃል። የሰው መኪና ቢነክስ ግን የሰውየው እንጀራ ቆመ፣ አንተም ፈቃድ የለህም። የአጎትህን መኪና ደግመህ ከነካህም፣ ካቢኑን ወደ ፊት ስታጋድለው መያዣው መቆለፉን በእጅህ አረጋግጥ። ሰው አጠገብህ ከሌለ ከሥሩ አትግባ።